የበገናው አምፕሊፋየር

ባሌ ሞተ፤ በገናውን ትቶልኝ ነው የሄደው። እሁድ ሙት ዓመቱ ነው፣ ልደረድርለት አስቤያለሁ። ድንኳን ሙሉ ሰው ስለሚመጣ፣ ሸክም የማይሆንብኝ አምፕሊፋየር ፍለጋ በገናውን ይዤ መርካቶ ወጣሁ።

ሻጩ በእጅ የምትንጠለጠል ትንሽዬ አወጣልኝ። ማይኳን በገናው ቆዳ ላይ ለጠፋት። በገናውን አቅፌ ተቀመጥኩ። ገና አውታሩን ሳልነካ ዱም፣ ዱም ማለት ጀመረ።

«ይቺ ትረብሻለች፣ ሌላ አምጣ» አልኩት።

«እህቴ፣ አቅፈሽው እኮ ነው! የራስሽ ልብ ነው የሚመታው» ብሎ ሳቀብኝ። «በይ ወንበሩ ላይ አስቀምጪው፣ ዝም ይላል።»

አስቀመጥኩትና ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ዱም፣ ዱም።

መሳቁን አቆመ። ገመዱን ሊነቅል እጁን ሲሰድ «ተው!» አልኩት።

ድምፁን ከፍ አደረግኩት።