ቀይ ካፖርት

የኦርላ ጥፋት፣ ሜዳው ላይ ለብቻው ከቆመው እሾሃማ ዛፍ አበባ ቆርጣ ቤት ማስገባቷ ነው። ዕጣ ፈንታ ለምታነብበት የታሮት ካርዷ እያየች ልትሥለው ነበር።

«የእነዚያን የማይታዩትን ዛፍ ቆርጠሽ? ሞት ልትጠሪብን ነው?» አሉ እናቷ።

«እማዬ ደግሞ፣ ተረትሽን ጀመርሽ።»

የሣለችው ዛፉን ብቻ ነበር። ጠዋት ስታየው ግን ከዛፉ ሥር ቀይ ካፖርት የለበሱ ሴት አበባውን ታቅፈው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። በጥፍሯ ፋቀችው፤ አልለቀቀም። እናቷ ቀይ ካፖርት እንደሌላቸው ስታስብ ትንሽ ተረጋጋች።

እናቷ ከመኝታ ቤት ወጡ። አበባውን ታቅፈዋል።

«ካፖርቱን እህትሽ ናት ከኤኒስ ከተማ የላከችልኝ። ቀይ ለአሮጊት በዛ እንዴ?»

«እማዬ፣ አትውጪ። እለምንሻለሁ።»

«ይሄን ከቦታው መልሼ መጣሁ። አንቺ ሻይ ጣጂ።»

ኦርላ የካፖርቱን እጅጌ ልትይዝ ተንጠራራች፤ አልደረሰችበትም። እናቷ ወጥተው በሩን ዘጉት።