ሜዳው ላይ ያረፈችው መንኮራኩር

በውሃ ድርሻ ተጣልተው የባልደረባውን የደጀኔን የራስ ቁር በመዶሻ ከሰባበረው በኋላ ማርስ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ሬሳውን ከመጠለያው ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ቀብሮ «ለቅኝት ወጥቶ አልተመለሰም» ሲል ወደ ምድር አስታወቀ።

የደጀኔ እህት አስካለ በመንኮራኩር ልትፈልገው መጣች።

«ወደ ኮረብታው ዙሪ» አላት በሬዲዮ ልታርፍ ስትል።

«ሜዳው ይሻለኛል፣ ጋሼ።»

የመንኮራኩሯ እሳት መሬቱን ቦረቦረው። ጠጠሩ እንደ ጥይት እየተተኮሰ የመጠለያውን መስኮት ሰነጣጠቀ። አቧራው ሲጠራ ደጀኔ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተጋድሞ ታየ።

ገዳዩ ሮጦ ደረሰ። «ለካ እዚህ ወድቆ ኖሯል» አለ። «ቋጥኝ መትቶት፣ አውሎ ነፋሱ አሸዋ አልብሶት ነው።»

አስካለ ተንበርክካ፣ የወንድሟ ደረት ላይ ተጣምረው በገመድ የታሰሩትን አውራ ጣቶቹን ዳበሰች።

«ታዲያ ማን ገነዘው፣ ጋሼ?»