አስራ አንድ እንቁላል

ዘርዓብሩክ አየር ጤና ፌርማታው አጠገብ እንቁላል ይሸጣል። የካርቶን ክዳን ላይ በማርከር «ኦርጋኒክ የሀበሻ እንቁላል» ብሎ ጽፏል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ፊደሉ ጠማማ ነው። ጠማማነቱ ግን ጠቅሞታል፤ ዕቃውን ከገጠር የመጣ ያስመስለዋል።

እንቁላሉ የሀበሻ አይደለም። ጓደኛው ሮቤራ በየሳምንቱ ከከተማ ውጭ ካለ እርባታ በፒካፕ ያመጣለታል። ዘርዓብሩክ ትንንሽ ነጫጮቹን ይመርጥና የቀዘቀዘ ሻይ ውስጥ ይዘፈዝፋቸዋል። ሲደርቁ ትክክለኛውን መልክ ይይዛሉ። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ጭቃ ይቀባል፤ ቀን ከሰጠው ላባም ይለጥፋል።

«እርባታውን ገብተህ ብታየው ታዝንላቸዋለህ» አለው ሮቤራ አንድ ቀን ትሪ እያወረደ። «ሦስት ሺህ ሴት፣ አንድ አውራ የለም። የሴቶች ገዳም በለው።»

«እንቁላል እንቁላል ነው» አለ ዘርዓብሩክ። «ሆድ መታወቂያ አይጠይቅም።»

ይቺን አባባሉን ይወዳታል። የቤቴል ሰፈር ሰዎች መኪናቸውን ዳር አስይዘው «ጂኤምኦ የለበትም?» ሲሉት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ዘረመሉን ከፈጣሪ በቀር የነካው የለም» ይላቸዋል። ሲሄዱ ይስቃል።

በእትዬ ጥሩብርሃን ግን መሳቅ አልቻለም።

እትዬ ጥሩብርሃን ስልሳ ያለፋቸው፣ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ከቦንጋ መጥተው ኮልፌ ከኖሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በቸርቻቸው ጸሎት የሚመሩት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የመጡ ቀን እንቁላሉን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሱ አዩት። ከዚያ ጆሯቸው ላይ አድርገው ነቅነቅ አደረጉት።

«ፍሪጅ አልገባም አይደል፣ ልጄ?»

«ኧረ እማማ፣ ትናንት የተጣለ ነው።»

«አስራ አንድ ስጠኝ።»

«አስራ ሁለት ላድርገዋ፣ ይሙላ።»

«አይ፣ አስራ አንድ ነው።»

ጭድ የሞላ ቅርጫት ውስጥ ደርድረው በእግራቸው ሄዱ። ታክሲ ያንገጫግጨዋል ብለው ነው። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ፤ አሁንም አስራ አንድ ገዙ።

እሳቸው ሲርቁ፣ አጠገቡ ካልሲ የምትሸጠው ኢሊሊ በአገጯ አሳየችው።

«ልጃቸው ርሆቦት እኮ ተኝታለች። ደም አንሷት ነው፤ ክሊኒክ እያመላለሷት ነው። ከሱቅ የተገዛ ነገር አያስነኳትም አሉ። ዘሩ ያልተነካካ ብቻ።»

ዘርዓብሩክ የዚያን ቀን «ሆድ መታወቂያ አይጠይቅም» ማለቱን ተወ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ደግሞ የባሰ ሆነ። ሒሳቡን ከፍለው ወዲያው አልሄዱም።

«ዘመኑ ሁሉንም ነካካው፤ ዘሩን፣ ጣዕሙን፣ ሰዉን። አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

ይህን ብለው እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። ወያላዎች እያዩ፣ ተሳፋሪ እየሰማ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህን እውነተኛ ልጅ ባርክልኝ» አሉ። ኢሊሊ «አሜን» አለች። ዘርዓብሩክ አንገቱን ደፋ። ጣቶቹ ላይ የሻይ ቀለም ነበር። ኪሱ ከተታቸው።

ከዚያ በኋላ ሻይ አስጠላው። ማኪያቶ ሆነ የሚያዘው። የሚናገረውን በልቡ ደጋግሞ አዘጋጀ፤ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ለልጅዎ ያበሏት...» እዚያ ላይ ሲደርስ ሁሌ ይቆምበታል።

ከምርቃቱ በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ እትዬ ጥሩብርሃን ቅርጫት ሳይዙ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። ዘርዓብሩክ ልጅቷ የሞተች መስሎት ብድግ አለ።

«ዛሬ እንቁላል አልፈልግም» አሉት። «ቤቴ ወንድ የለም። ዶሮ ታርድልኛለህ?»

ተከተላቸው። መንገድ ላይ አራት ጊዜ «እማማ» ብሎ ጀመረ። አራቱንም ጊዜ «ወዬ» ሲሉት፣ ስለ ፀሐዩ አወራ። የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ግን ቆረጠ። ሳይገባ ይናገራል።

በሩን ርሆቦት ከፈተች። የሥራ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ነው፤ ፊቷ ወዝ አለው። እናትየዋ አልፈዋት ወደ ጓዳ ገቡ።

«ዳንሽ እንዴ?» አመለጠው።

«ቅር አለህ?» አለች እየሳቀች። «የደሙን ኪኒን ጨርሼ ሥራ ከገባሁ ሦስት ሳምንቴ። አንተ ማነህ?»

«እንቁላል ሻጩ። እንቁላሉ ጠቀመሽ አይደል?»

«የምን እንቁላል? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳክከኛል፣ አልነካም። እማዬም ለእኔ ብላ ትታዋለች።»

ዘርዓብሩክ አሰላ። ልጅቷ አትበላም። እናትየዋ አይበሉም። ሠላሳ ሦስት እንቁላል የት ገባ? መንገድ ያሳደገው ልጅ ነው፣ ለመገመት ጊዜ አልፈጀበትም። ይቸረችሩታል። ለቸርች ሰው «ንጹህ የሀበሻ» እያሉ ጨምረው ይሸጡታል። ያ ሁሉ ጸሎት ለዚህ ነው።

ሸክም የወረደለት መሰለው። ለስድስት ሳምንት ያፈረው በከንቱ ነው፤ ለካ እሳቸውም የእሱ ቢጤ ናቸው። መናዘዙን ተወው።

እትዬ ጥሩብርሃን ቀይ ዶሮ አቅፈው ወጡ። ከስታለች፤ እጁ ላይ እንደ ትኩሳተኛ ትሞቃለች። ሆዷ ላይ ላባ የለም። ወደ ጓዳው ለመመለስ ደጋግማ ተፈራገጠች። ዘርዓብሩክ እያፏጨ ቢላውን ሳለ፣ ክንፏን ረገጠ፣ አረዳት።

እትዬ ጥሩብርሃን በጆግ ውሃ እያፈሰሱ አስታጠቡት። ፊታቸውን ከዶሮዋ አዙረዋል።

«ሥጋም የላትም እኮ፣ እማማ» አለ በቀልድ። «ምን አጥፍታ ነው?»

«ምን ታጠፋለች፣ አረጀች እንጂ» አሉ። «አምና ያቀፈቻቸውን አስራ አንዱንም ያወጣች ናት፤ ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ያንተን አስታቅፌያት አንድ ጫጩት አልወጣላትም።»