የተደፈኑት መተንፈሻዎች

ሻጋታው ከኮርኒሱ ማዕዘን ተነስቶ አምፖሉ ጋ ደርሷል። ወጣት ፍለጋ ሰፈሩ ሁለት ጊዜ በወታደሮች በታሰሰበት ሳምንት፣ አከራዩ አቶ ደምሰው አምና ኮርኒሱን የሠራውን አናጺ ይዘው መጡ።

«የወጥ እንፋሎት ነው። እኔው እጠርገዋለሁ» አለች ተከራይዋ፣ በሩን እንደያዘች።

«ቤቱ የኔ ነው» ብለው ገፍተዋት ገቡ።

አናጺው ቀይ ሹራብ ለብሷል። በሥራው ስሙን የማያስነካ ሰው ነው። መሰላሉን አቁሞ ወጣና የኮርኒሱን መክፈቻ ገፋ አድርጎ እስከ ወገቡ ገባ። እግሮቹ ድንገት ቀጥ አሉ። ሴትዮዋ መሰላሉን ያዘች።

«ምን አገኘህ?» አሉ አቶ ደምሰው።

«ቆርቆሮው አያፈስም» አለ አናጺው። «መተንፈሻዎቹ በሙሉ በጨርቅ ተደፍነዋል። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ነው።»

«ማነው የደፈናቸው?» ብለው ወደ እሷ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አለ አናጺው ከላይ። «አምና ወፍ እንዳይገባ ብዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«አንተ ብሎ አናጺ! ከእንግዲህ እዚህ ሰፈር ሥራ የሚሰጥህ የለም!» ብለው በሩን ወርውረው ወጡ።

አናጺው ትንሽ ቆይቶ ወረደና መሰላሉን ትከሻው ላይ አደረገ።

«በጓሮ በኩል አንዷን መተንፈሻ ከፍቻታለሁ፤ ከመንገድ አትታይም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጁ ሲተኛ ራሱን ወደዚያ ያድርግ።»

ከቤት ሲወጣ ያለ ሹራቡ፣ በሸሚዝ ብቻ ነበር።