ውርጭ የማይገድለው አበባ

የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ የቢሮውን በር ከውጭ ቆለፈብኝ። አበባው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ያ ተራራው ጫፍ ላይ የሚበቅለው፣ ውርጭ የማይገድለው፣ ቢቀጠፍ እንኳ ዓመት ሙሉ የማይጠወልገው ነጭ አበባ።

«አለቃ እስኪመጣ ንክች እንዳታደርጊው፤ ማስረጃ ነው» አለኝ በመስኮቱ።

«ጋሼ፣ እኔ አልቀጠፍኩትም እኮ።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደልሽ?»

ለቱሪስት ልሸጠው ብዬ ከእማዬ ትራስ ስር ነው የወሰድኩት። እሷ ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ይሄን ብናገር ግን እማዬ ከካምፑ ወጥ ቤት ትባረራለች፤ አበባ የቀጠፈ የፓርክ ሠራተኛ በማግስቱ የለም። አባዬ ከሞተ ወዲህ ደግሞ የምንኖረው በእሷ ደሞዝ ነው።

መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ጭንቅላቴን ላሾልክ ሞከርኩ፤ ጆሮዬ አላሳልፍ አለ።

ስለዚህ አበባውን በላሁት። ልክ ደብተር እንደ መብላት ነው፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። አንዲት ቅጠል አላስቀረሁም።

አለቃው ገባ። «የታለ ማስረጃው?»

ስካውቱ ጠረጴዛው ስር ተንበርክኮ ፈለገ። «አሁን እዚህ ነበር ጌታዬ።»

«አይጥ በልቶት ይሆናላ» አልኩ፣ እንባዬን እየዋጥኩ።

አለቃው ከእግሬ ስር ጥቁር የጫማ ክር አነሳ። ከቅጠሎቹ ስር ተሸፍኖ አበባው የታሰረበት ነው፤ እሱን መዋጥ አቅቶኝ ጥዬው ነበር። «ይሄስ የማነው?»

ስካውቱ ክሩን አየና መፈለጉን ተወ።

«ተሳስቼ ነው ጌታዬ። ልጅቷ ምንም አልያዘችም፣ ትሂድ።»

ላመሰግነው ብዬ ዞርኩ። ዓይኔ ግን ጫማው ላይ ቀረ። የቀኝ እግሩ በጥቁር ክር ታስሯል፤ የግራው በሲባጎ።