ደግ ባል በጥቁርና ነጭ

ትርፌ እንግሊዝኛ የለመደችው ከሟቾች ነው። አልባኒ ውስጥ አንዲት አሜሪካዊት አዛውንት በምትንከባከብበት ጊዜ፣ ከሴትዮዋ ጋር ቁጭ ብላ ጥቁርና ነጭ ፊልም ታይ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ ሆሊውድ የሠራቸውን። ወንዶቹ ቤት ውስጥም ባርኔጣ አያወልቁም። ሴቶቹ በሐር የሌሊት ልብስ ደረጃ ይወርዳሉ። ሁሉም ያጨሳል። አዛውንቷ ዐረፉ፤ የፊልሙ አመል ግን ትርፌ ላይ ቀረ።

ከፊልሞቹ አንድ ነገር ተምራለች። ባልየው ከመጠን በላይ ደግ ከሆነ ገዳዩ እሱ ነው።

ሁለተኛ ባሏ ሳህሌ ደግ ነበር። ኦክላንድ አየር ማረፊያ የመንገደኛ ቫን ይነዳል። ካስትሮ ቫሊ ያለው ቤት የእሷ ነው፤ እሱ ሲያገባት አንድ ሻንጣ ይዞ ነው የገባው። በጾም ቀን ቅዳሴ ላይ የደም ግፊቱ ዝቅ እያለ ያዞረዋል እንጂ ሌላ እንከን አይወጣለትም።

የተጣሉት በአንድ ነገር ብቻ ነበር። ትርፌ ልቧን ያማት ነበር። ጠበል ጀመረችና ተሻላት፤ ከእንግዲህ በሐኪም ነገር እንዳትነዘንዙኝ አለች። ሳህሌ አንድ ሰሞን ለመናት፣ ተቆጣት፣ ካህኑን ሳይቀር አማላጅ ላከባት። ከዚያ ድንገት ዝም አለ።

ዝም ባለ በሳምንቱ ማታ ማታ አጥሚት መሥራት ጀመረ።

"አንተና ምድጃ ከመቼ ወዲህ ነው የተዋወቃችሁት?" አለችው።

"ያጠነክርሻል። ማር አብዝቼበታለሁ።"

ለእሷም ለራሱም ቀዳ። እሷ እስክትጨርስ ዓይኑን ከኩባያዋ አልነቀለም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ባል የሚስቱን ትራስ እያስተካከለ ፈገግ ይላል። ትርፌ ደስ አላላትም።

አንድ ምሽት ውኃ ልትቀዳ ወደ ኪችን ስትሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። ሳህሌ ጀርባውን ሰጥቶ በሁለት ማንኪያ መሀል አንድ ነገር ይፈጫል። ነጭ ዱቄት ነው። ስልኩን በትከሻው ደግፎታል።

"አታስቢ፣ ምንም አላወቀችም" ይላል በሹክሹክታ። "ማሩ ምሬቱን ይሸፍነዋል። ብቻ እንዳያልቅብኝ ቶሎ ላኪልኝ።"

የሚያወራው ከሴት ጋር ነው።

ትርፌ ውኃውን ሳትቀዳ ተመለሰች። ፖሊስ ብትጠራ ምን ልትል ነው? ባሌ አጥሚት ሠራልኝ? በማግስቱ ሳን ሆዜ ለምትኖረው ልጇ ለኢየሩስ ደወለች። የዱቄቱን ነገር ለማንሳት ፈራች፤ የሳህሌ ሁኔታ አላማረኝም ብቻ አለቻት።

"ማሚ፣ እነዚያን ፊልሞች ስቶፕ አድርጊ" አለች ኢየሩስ። "ሳህሌ በጣም ይወድሻል። የሚሰጥሽን ጠጪ፣ ፕሊስ።"

ልጇንም በደግነቱ ይዟታል። ትርፌ ብቻዋን መሆኗን ያኔ አወቀች።

የዚያን ዕለት ማታ አጥሚቱ እንደቀረበ "የጋራጁን በር ዘግተኸዋል?" አለችው። ሊያይ ሲወጣ ኩባያዎቹን አቀያየረች። ንጹሕ ከሆነ ምን ይጎዳዋል? ሳህሌ ተመልሶ ፊቱ ያለውን ጠጣ። ባዶ ኩባያዋን አይቶ "ጎበዝ" አላት።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ምክንያት አላጣችም። አንዴ ጎረቤት ተጣራ ትላለች፤ አንዴ መነጽሬን አምጣልኝ። ብዙም ሳይቆይ ሳህሌ ግድግዳ እየያዘ መሄድ ጀመረ። ትርፌ በዓይኗ ተከተለችው። ለእኔ ያሰበው ይሄን ነው አለች በልቧ።

እሷም ደህና አልነበረችም። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። ቀድሞ የጠጣሁት ገና ከሰውነቴ አልወጣም ማለት ነው ብላ ጸለየች።

አንድ ቀን ሳህሌ እግሯን አየ። ፊቱ ተለወጠ። ጓዳ ገብቶ በሩን ዘግቶ ስልክ ደወለ። የዚያን ዕለት ምሽት ማንኪያዎቹ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ሲፋጩ ሰማች። ዛሬ ሊጨርሰኝ ነው አለችና ኩባያዎቹን አቀያየረች።

ጠዋት ሳህሌ ባኞ ቤቱ በር ላይ ወድቆ ተገኘ። አምቡላንስ ሆስፒታል አደረሰው እንጂ አላተረፈውም።

ደሙ ውስጥ ልብን የሚያዘገይ መድኃኒት በብዛት ተገኝቷል አለ ሐኪሙ። መድኃኒት ይወስድ ነበር ወይ ብሎም ጠየቃት።

"በሕይወቱ ወስዶ አያውቅም" አለች ትርፌ። ብዙ ጊዜ ተጭኗት የነበረው ፍርሃት ለቀቃት። አልተሳሳተችም፤ በሕይወትም አለች።

ኢየሩስ ከሳን ሆዜ እያለቀሰች ደረሰች። ትርፌ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣት ሁሉንም ነገረቻት፤ ዱቄቱን፣ ስልክ ላይ የነበረችውን ሴትዮ፣ ኩባያዎቹን።

"ሊገድለኝ ነበር፣ ልጄ። ቀደምኩት እንጂ።"

ኢየሩስ እናቷን ትክ ብላ አየቻት።

"ማሚ፣ ስልክ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ የምልክለትም አልውጥም ያልሽውን የራስሽን የልብ መድኃኒት ነበር።"