የእንቅልፍ ደብተር

እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ ሦስት ወር አለፈ። ባለፈው የአንድ ደንበኛ ሱሪ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ሰፍቼ ቁጭ አልኩ። እዚህ ክሊኒክ "ጭንቅላትሽን ትንሽ ኤሌክትሪክ እናስነካዋለን፣ ጭንቀቱም ይለቅሻል" ሲሉኝ፣ መብረቅም ቢሆን አምጡት አልኩ።

ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። ነርሷ እንደ ወትሮው ሁለቱን መቆንጠጫዎች ጆሮዬ ላይ ሰክታ ማሽኑን ከፈተችው። ጉንዳን ግንባሬ ላይ የሚሄድ መሰለኝ።

"ሌሊቱስ እንዴት ነበር?"

"ያው ነው፣ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ነጋልኝ። ኤሌክትሪኩን ትንሽ ጨምሪልኝ እህቴ፣ በልጆችሽ።"

ደብተሩን ገለጠች። እንቅልፍ ያጣ ሰው የራሱን እንቅልፍ በትክክል አያውቅም ብለው፣ እዚያ ላይ የሚጽፉት ባለቤቴ በስልክ የሚነግራቸውን ነው።

"ባለቤትሽ ግን በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኛች ነው የሚለኝ። አጠገቤ ታንኮራፋለች ይላል።"

"እሱን እንዳልረብሸው ብዬ አልጋውን ከነካሁ ሳምንት አልፎኛል። እስቲ አሁን ደውዪለት።"

ደወለችና ስፒከር ላይ አደረገችው። ቤት ውስጥ ሰዓት የሚጠግነው ባለቤቴ በሹክሹክታ መለሰ።

"ቀስ ብለሽ አውሪ እህቴ፣ ሚስቴን አሁን ገና ሸለብ አድርጓታል። ከፈለግሻት ልቀስቅሳት?"

ነርሷ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች። ዓይኔን እያየች መልስ ጠበቀች።

"አትቀስቅሳት በዪው" አልኳት። "አንዳችን እንኳ እንተኛ።"